የኢልቫ አንገት

ጉንቮር ልትፈታው የተነሣችው ችግር ይህ ነበር፦ የአምስት ዓመቷ ኢልቫ ሱፍ አልስማማ አላት። ባለበሷት ቁጥር አንገቷን እየፎከተች ታለቅሳለች፤ ዞር ሲሉ አውልቃ ትጥለዋለች። በእኛ በበረዷማዋ ከተማ በሮሮስ ክረምት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በመዋዕለ ሕፃናታችን ከውስጥ፣ ገላው ላይ ሱፍ ያልለበሰ ልጅ ወደ ሐይቁ አይሄድም። ሐይቁ ማለት ደግሞ በረዶውን ሰርስሮ ዓሣ ማጥመድ፣ በእሳት ዳር ቋሊማ መጥበስ፣ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚያወሩት ቀን ነው። አምና ለኢልቫ ደንቡ ላልቶላት በጥጥ ካናቴራ ሄደች። ሮጠች፣ አላባት፤ ጥጡ ላቡን ይዞ ቀዘቀዘባትና ከንፈሯ ጠቁሮ ታቅፋ ተመለሰች።

«ጉንቮር፣ ዘንድሮስ እሄዳለሁ?»

«አንገትሽ ከፈቀደልን።»

«አንገቴ እኮ እልኸኛ ነው።»

ጉንቮር ልጅ ስታለብስና ስታወልቅ ዕድሜዋን ያሳለፈች የመዋዕለ ሕፃናታችን ሞግዚት ናት። የኢልቫን ሹራብ ወስዳ መጀመሪያ የገዛ ማጅራቷ ላይ አደረገችው። ወጋት! የኢልቫ አያት ራግና ከራሷ በጎች ጠጉር ፈትላ የሠራችው፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሹራብ ነው። አንዷን ጠጉር መዛ በመስኮቱ ብርሃን አየቻት። ነገሩ የገባት እዚህ ላይ ነው። የሚያሳክከው ሱፍ መሆኑ ሳይሆን ውፍረቱ ነው። ወፍራም ጠጉር ጫፉ ቆዳ ሲነካ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ይወጋል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው የሜሪኖ በግ ጠጉር ግን በጣም ቀጭን ስለሆነ ቆዳ ሲነካው ይጎነበሳል።

ለኢልቫ አባት ለስታይን ነገረችው፦ ስስ ሜሪኖ ይሁን፤ ገላዋ ላይ ልጥፍ ይበል እንጂ አያስጨንቃት፤ ስፌቱ ትከሻዋ ላይ አይረፍ፤ አንገቱ ላይ የተሰፋ ምልክት አይኑረው። ገዛላት። ኢልቫ መልበሷን እንኳ ረስታ ዋለች!

ከሰነበተ በኋላ ግን እንደገና ማከክ ጀመረች። ያው ልጅ፣ ያው ልብስ። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር፤ የጉንቮር ዐይን ግን በራ። አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነዋ!

«ስታይን፣ ይህን ልብስ ምን አደረግኸው?»

«አጠብኩት። ምን ላደርገው ኖሯል?»

«ሸቶ ነበር?»

«አልሸተተም። ግን ስንት ቀን ለበሰችው እኮ።»

«በምን ሳሙና?»

«የሁላችንንም በማጥብበት ነዋ። ያውም ንጹሕ እንዲሆን በፍል ውሃ!»

«አላጠብከውም፣ ቀቅለኸዋል። ቋሊማውንም አብረህ ብትጨምረው ኖሮ ምሳ ይሆነን ነበር።»

የብዙዎቻችን ስሕተት ይኸው ነው። ተራው የልብስ ሳሙና የእንቁላልና የደም እድፍ እንዲበላ የተሠራ ነው፤ ሱፍ ደግሞ እንደ እነሱ ከእንስሳ የተገኘ ነውና እሱንም ቀስ እያለ ይበላዋል። ፍል ውሃው ጠጉሩን እርስ በርስ ያቆላልፈዋል፤ ልብሱ ይጠብባል፣ ይሻክራል። ለሱፍ ዋናው እጥበት ውጭ መስቀል ነው፤ ቅዝቃዜው ጠረኑን ይወስደዋል። ማጠብ የግድ ሲሆን ብቻ ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በሱፍ ሳሙና። አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጫንና ከምድጃ ርቆ ተዘርግቶ ይደርቃል።

ስታይን ሌላ ገዛ። በማግስቱ ጠዋት የኢልቫ ላብ ነክቶት በረንዳ ላይ ያደረውን ካናቴራ እጅጌዎቹ ግራና ቀኝ እንደተዘረጉ፣ በብርድ እንደ ሳንቃ እንደደረቀ ተሸክሞት መጣ። «ይኸው፣ ልጄን በር አልብሱልኝ!» አለ።

ወሬው ራግና ዘንድ ደረሰ። ከመቆጣቷ የተነሣ ደጅ ላይ የሚወልቀውን ጫማዋን ሳታወልቅ መዋዕለ ሕፃናቱ ገባች።

«የባሕር ማዶ በግ በለጠ አሉ። የእኔዎቹ ምን በደሉ?»

«ምንም አልበደሉም፣ ራግና። ቦታቸውን ስተን ነው። ያንቺ ሹራብ ከላይ ሲሆን ንፋስ የሚደፍረው የለም።»

«ከላይ? እንደ ካፖርት?» ብላ አኮረፈች። ሆኖም ሹራቡን በገዛ እጇ ከሜሪኖው በላይ አለበሰቻት።

ኢልቫ ሐይቁ ሄደች! ሮጠች፣ በረዶ ላይ ተንከባለለች፣ ቋሊማዋን አሳረረች። ዓሣ አልያዘችም። ሲመለሱ ጉንቮር እጇን በልጅቷ ማጅራት አስገብታ ጀርባዋን ዳሰሰች፤ ደረቅና ሙቅ።

ራግና ግን የበጎቿ ሱፍ ሁለተኛ ሆኖ መቅረቱን አልተቀበለችም። ኢልቫን የማይወጋ ክር ለማግኘት ጉንቮርን ይዛ የበጎቿ ጋጣ ገባች። ከጠቦቶቹ የመጀመሪያ ሽልት፣ ያውም የትከሻውን ብቻ እየለዩ ይፈትላሉ፤ ከዚያ የሚቀጥን ጠጉር በእሷ በጎች ላይ የለም። ፈተናው ቁርስ ላይ ነው፤ ቁራጭ ክር በኢልቫ አንገትጌ ውስጥ ይገባል። ቡናማ አይብ የተቀባውን ዳቦዋን እጇን ወደ አንገቷ ሳትልክ ከጨረሰች ክሩ አለፈ። እስካሁን የተሞከሩት ሁሉ ወድቀዋል።

ዛሬ አዲስ ክር ገብቷል። ዳቦው ተጋምሷል። ራግና ከጠረጴዛው ማዶ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች፤ በችኮላ የሚገኝ ማለፊያ አትፈልግም።

«አትቸኩይ፣ የኔ ልጅ፣» ትላለች፤ «ቀስ ብለሽ ብዪ።»