ቀዩን የሚበላው አምፖል

ይህ ጉዳይ በጠቅላላው ያስወጣኝ ሁለት ዓይን ነው። ዓይኖቹ የእኔ አልነበሩም። የገንዘቡን ኪሳራማ ረስቼዋለሁ፤ መካነ ሰላም ገበያ ላይ እኔን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ቆሞ ይስቃል፣ ግን እውነቴን ነው።

ሱቄ ከገበያው ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ሽቦ፣ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አምፖል እሸጣለሁ። የተማርኩት መንገድ ላይ ነው። አባቴ ግን የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የኔታ እንጂ አባዬ ብያቸው አላውቅም። እንደ ምንም ገፍተው ዳዊት ድረስ አደረሱኝ፣ ከዚያ በላይ አልገፋ አልኳቸው። አንድ ቀን ገበያ ላይ ክብሪት ስቸረችር አገኙኝ። አልመቱኝም። ዋጋውን ጠየቁኝ፣ ተከራከሩኝ፣ አንዱን ገዝተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ «ነጋዴው» ይሉኛል። መጀመሪያ ስድብ ነበር፣ ኋላ ስም ሆነ።

ንግድ ያስተማረኝ ዕቃ መጠርጠርን ነው። ሻጭ ዕቃውን ማሞገስ ሲጀምር ዕቃውን ትቼ ሻጩን ነው የማየው። አምፖል ሲመጣልኝ መጀመሪያ በእጄ እመዝነዋለሁ። ጆሮዬ አጠገብ አድርጌ እነቀንቀዋለሁ፤ ብየዳው ከላላ ውስጡ ይንሿሿል። ባንኮኒው ላይ ባሰርኳት ሶኬት ላይ አበራና በሞባይሌ ካሜራ አየዋለሁ፤ ብርሃኑ መስመር መስመር እየሠራ ከተርገበገበ ዓይን ያደክማል። ከሱቄ ጎን ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮው ሲነሳ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ደብዝዞ ይሰግዳል። ያን ጊዜ ሳይሰግድ የሚቆም አምፖል እኔ ዘንድ ቦታ አለው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት የኔታ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ቤታቸው ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ዳዊት ይደግማሉ። ዳዊታቸው የብራና ነው፤ ጽሕፈቱ ደቃቅ፣ የአምላክና የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበት። አንዱን አምፖል እሳቸው ቤት አስሬ ሳምንት ያህል እተወዋለሁ። «ያስነብባል» ካሉ ካርቶን አዝዛለሁ። «አያስነብብም» ካሉ ሻጩ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ገበያው ይህን ያውቅ ስለነበር ደንበኛ ሲመጣ ዋስትናው ስንት ዓመት ነው አይለኝም፤ «የኔታ አይተውታል?» ነው የሚለኝ። በሰው አባት መነገድ ነውር ነው። በራሴ አባት ስለነገድኩ ማንም አልተቆጣኝም።

ልጁ የመጣው ከደሴ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይተው ኤል ኢ ዲ አምፖል ይገጣጥማሉ። ጣቶቹ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ፤ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፣ ስለ አምፖሉ ሲሆን ግን ቀና ይላል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «የአገር ውስጥ ምርት» ብለው ጽፈዋል። ይህን ማን እንደመከራቸው አላውቅም። «የአገር ውስጥ» የሚለው ቃል ቅቤና ማር ላይ ሲሆን ዋጋ ይጨምራል፣ አምፖል ላይ ሲሆን ይቀንሳል። ደንበኛ ሳጥኑን ያገላብጥና ቃሉን ሲያነብ እንደ ትኩስ ድንች መልሶ ያስቀምጠዋል። እኔም ከደንበኛው የተሻልኩ አልነበርኩም።

አምፖሉን መዘንኩት፣ ከበድ ይላል። ነቀነቅኩት፣ ዝም። በካሜራው አየሁት፣ አይርገበገብም። ወፍጮው ተነሳ፣ የእኔ ሱቅ መብራት ሰገደ፣ የልጁ አምፖል አልሰገደም። እንከን ሳጣበት ተናደድኩ ልበል። አንዱን ይዤ የኔታ ዘንድ ሄድኩ፣ አሰርኩላቸው።

በሳምንቱ ስሄድ «ይህ አምፖልህ ቀዩን ይበላል» አሉኝ።

እንዴት ሆኖ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥቁሩ ጽሕፈት እንደሚታያቸው፣ ቀዩ ግን ጠቁሮ ከሌላው ጋር እንደተቀላቀለባቸው፣ የእመቤታችንን ስም ከጎኑ ካለው ቃል መለየት እንዳቃታቸው ነገሩኝ። እንግዲህ ሌላ ልጅ ቢሆን ይደነግጥ ይሆናል። እኔ ደስ አለኝ። እንከኑን አገኘሁታ።

ለልጁ ደወልኩለት። አልተከራከረም፤ አንዳንዱ አምፖል ቀይ ቀለም ላይ ደካማ እንደሚሆን እሱም ያውቃል። ለዘብ ያለ ብርሃን ያለው ሌላ ሠርቶ በሚኒባስ ላከ። የኔታ «ይኸኛውማ ጭራሹን ያጨልማል» አሉ። ሦስተኛውን ራሱ ይዞ መጣ። ስለ ሦስተኛው የኔታ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። በዚህ መሐል እኔ ለገበያው አውርቼ ጨርሻለሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት ጨርቅ የምትሸጠው ሴት፣ በዚያ አምፖል ሥር ቀይ ጥለት ቡና ዓይነት ሆኖ እንደሚታያት መሰከረች። የመሰከረችው እኔ ስላልኩ ነው። ከዚያ አጅባር ገበያ የሄደ ሰው እንኳ «ቀዩን የሚበላው አምፖል» የሚለውን ስም እዚያ ሰምቶት መጣ።

አሁን ወደ ኋላ ስመለከት ምልክት ሞልቶ ነበር። የኔታ ቤታቸው ውስጥ የውሃ ጀሪካን በእግራቸው ገለበጡ፤ እዚያ ያስቀመጠውን ሰው ተቆጣሁ። ከጎናቸው ሆኜ እጄን ስዘረጋላቸው ሳይጨብጡኝ ቀሩ፤ አኩርፈውኛል ብዬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሰው ቀድሞ ካልጠራቸው ሰላምታ አይሰጡም ይባል ጀመር። ኮሩ አሉ። ጸሎት ላይ ሆነው ነው ብዬ ተሟገትኩላቸው። ሽቦ ውስጥ የተደበቀ መዳብ ያልሆነ ነገር በጥርሴ የማውቅ ሰው ነኝ እኮ።

ልጁ ሦስተኛው አምፖል እንዴት እንደሆነ ሊጠይቅ ሱቄ የመጣ ቀን ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። አልሆነም አልኩት። «ጋሼ፣ አምፖሉን ሁለት ጊዜ ቀየርነው» አለኝ። «ያልቀየርነው ነገር ምንድን ነው?»

«ሻጩን» አልኩት። «እሱንም ዛሬ እንቀይረዋለን።»

ሰዉ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም። በዝግታ፣ እንዳልቆጣ እየተጠነቀቀ፣ «የኔታን ሰሞኑን ከውጭ አገር በመጣው አምፖልስ ሞክረዋቸዋል?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። አባቴን ልትፈትን ነው ወይ አልኩት፤ አንተ ሳትወለድ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው አልኩት፤ ሌላም ሌላም አልኩት። ሱቄ አስቀምጧቸው የነበሩትን ካርቶኖች አንድ በአንድ አውጥቶ በሩ ላይ ደረደረ። ሲጨርስ «አብሽር ጋሼ፣ ሐላል ነው» አለኝ። አይዞህ፣ ቂም የለኝም ማለቱ ነው፤ በእኛ አገር ቃሏን እስላሙም ክርስቲያኑም ይላታል፤ እንደዚያ ቀን ከብዳኝ ግን አታውቅም። ዕቃውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ደሴ ተመለሰ። የውጭው አምፖል ያለው ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር።

የኔታ ከዚያ በኋላ ስለ አምፖል አላነሱም። ለመዱት አልኩና ተውኩት። ክረምቱ አለፈ። ጥቅምት ላይ አንድ ማለዳ፣ ከተማው ገና ሳይንቀሳቀስ፣ ጥሩ የተባለውን የውጭ አምፖል ይዤ ሄድኩላቸው። ያቺ ቤት መስኮቷ ጠባብ ናት፤ በሯ ገርበብ ካለ ውስጧ እንደ ጎተራ ይጨልማል። የኔታ መደቡ ላይ ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይደግማሉ። በርጩማ ላይ ወጥቼ የልጁን አምፖል ፈታሁ፣ አዲሱን አሰርኩ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። ቀጭ አለ። አልበራም። ይኸኛውም ብዬ ልፈታው ስል አንዲት ሴት ከአጥሩ ወዲያ ለጎረቤቷ መብራት ከማታ ጀምሮ እንደሌለ ስትነግራት ሰማሁ።

ልክ በዚያች ቅጽበት የኔታ ፊታቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አደረጉ።

«እሰይ» አሉ። «ይቺ ናት አምፖል። ቀዩም ተመለሰ። እንግዲህ ከሰው አትጣላ።»

በርጩማው ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ልጁን እንዳባረርኩት ሰው ነግሯቸው ኖሯል፤ ነገሩ ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ድግማቸውን ቀጠሉ። ጣታቸው ብራናው ላይ ይሄዳል። ከዳዊት ያልዘለልኩት እኔ እንኳ፣ በበሩ ስንጥቅ በምትገባው ብርሃን፣ ጣታቸው ያለበትና አፋቸው ያለበት ቦታ እንደማይገናኝ አየሁ። በቃላቸው ነው። ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል። እኔ አምፖል እፈትንበት የነበረው መጽሐፍ በጨለማም የሚነበብ ነበር።

ወርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «የኔታ» አልኳቸው፣ «መብራት የለም።»

ድግሙ ቆመ። መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉት፣ ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ተያዝኩ በለኛ» አሉ።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ቀን ሊነግሩኝ አልቻሉም፤ ቀስ በቀስ ነው፣ ዳር ዳሩ ነው መጀመሪያ የሄደው። «ውሸት እንዳይመስልህ፣ ያን ጊዜ እውነትም አምፖሉ መስሎኝ ነው» አሉኝ። «አንተም አምፖሉ ነው አልክ። ስለ አምፖል ደግሞ ከእኔ አንተ ታውቃለህ።»

ይህን እየወቀሱኝ አይደለም የተናገሩት። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር። እኔ በሳቸው ዓይን ተማምኜ፣ እሳቸው በእኔ ዕውቀት ተማምነው፣ ሁለታችንም አምፖሉን ስንወነጅል ከረምን። ኋላ ገብቷቸዋል። ሲገባቸው ግን ልጁ ተባርሯል፤ ልጄን በገበያ መሐል አሳፍረዋለሁ ብለው ዝም አሉ።

በማግስቱ ደሴ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ አንዱን ዓይናቸውን ሸፍና ጣቷን ከጎን እያመጣች ሲታያቸው እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። ጣቷ አፍንጫቸው ፊት እስኪደርስ ዝም አሉ። የዓይን ግፊት ነው አለችኝ፣ ወጣ ብለን ስንቆም። የጠፋው አይመለስም፤ ገና ሲጀምራቸው ቢመጡ ግን የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻል ነበር። የነገሩህ ሕመም አልነበረም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስለ አምፖሉ ነግረውኛል አልኳት። የምቀልድ መስሏት ፊቷን አጠቆረች።

ስንመለስ አቀስታ ላይ መኪናው ቆመ። የኔታ ውጭው ምን እንደሚመስል ጠየቁኝ። ገብሱ እንደደረሰ፣ ማሳው ወርቅ እንደለበሰ ነገርኳቸው። «እንደ ሻጭ አታሞግስ» አሉኝ፣ «እንዳለ ንገረኝ።» ገብሱ ቢጫ ነው፣ ጥግ ጥጉን ውርጭ መትቶታል አልኳቸው። «እንዲህ ነው» አሉና ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ተጠግተውኝ አያውቁም ነበር። ጠብታውን ሳላስታጉል አደረግኩላቸው፤ የቀረችውም ጭላንጭል ከርማ ሄደች።

ለልጁ ደወልኩለት፣ ሁሉንም ነገርኩት። የኔታ እንዴት ናቸው አለኝ፣ መጀመሪያ የጠየቀው እሱን ነው። አምፖሉን ትቶታል። ለአምፖሉ ያወጣነው ስም ከመካነ ሰላም ወጥቶ ሌሎቹም ከተሞች ሲደርስ የሚቀበለው ጠፋ፤ ጓደኞቹ ተበተኑ፣ እሱ ሞባይል ይጠግናል። አንዲት ካርቶን አልጋ ሥር እንደቀረችው ነገረኝ። ላካት አልኩት።

ካርቶኗ ሱቄ ውስጥ ናት። አንድ በአንድ አወጣኋቸው፣ መዘንኳቸው፣ ነቀነቅኳቸው፣ ወፍጮው እስኪነሳ ጠበቅኩ። ደንበኛ ሲያያቸው «ቀዩን የሚበላው አይደለም እንዴ?» ይለኛል። አይበላም፣ የጠፋው ያባቴ ዓይን ነው እለዋለሁ። ይህን ባንኮኒ ላይ ቆሞ መናገር አይለመድም። ሰውየው እግዜር ይማርልህ ይለኛል፣ የውጭውን ገዝቶ ይሄዳል።

የኔታ ቤት የልጁን ሦስተኛ አምፖል መልሼ አስሬዋለሁ። ሲመሽ አብሩልኝ ይላሉ፣ ለሚመጣው ሰው። እኔ ስሄድ ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥተው ይዘረጉታል።

«ነጋዴው» ይሉኛል፣ «ቀዩ ላይ አድርግልኝ።»

ጣታቸውን ይዤ ቀዩ ጽሕፈት ላይ አደርግላቸዋለሁ። በአምፖሉ ብርሃን ቀዩ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለእኔ።

ቀሪ ሒሳብ፦ አምፖሎቹ በሙሉ ይሠራሉ። የኔታ አያዩም።