ድፎ ይዘን ቤት ልናይ

እናቴ ሰው ቤት ባዶ እጇን ገብታ አታውቅም። ለሽያጭ የቀረበ ቤትም ያው የሰው ቤት ነው ብላ፣ ከከተማችን ወጣ ብሎ ሶኖማ በሚባለው ገጠር ወይን እርሻ መሀል ያለችውን ቤት ልናይ የሄድን ዕለት ድፎ ዳቦ ጋግራ እኔንና ባለቤቴን ጠበቀችን።

«እማዬ፣ ሻጮቹ እኮ ቤት አይቆዩም። የምናገኘው ደላላዋን ብቻ ነው።»

«እሷስ ሰው አይደለችም?» አለችና ድፎውን ታቅፋ መኪና ውስጥ ገባች።

ቤቱን የፈለግሁት ለእሷ ነበር። ከተማ ውስጥ ቴሜስካል ሰፈር ያለው አፓርትማችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እናቴ በረንዳው ላይ በባልዲ ጎመን ታበቅላለች። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ባልዲዎቹን እንደ እርሻ ታስጎበኛለች። እግሯ አፈር ሳይረግጥ እንዳታረጅብኝ ስል፣ ከሳንታ ክላራ ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር ስልኬ ላይ የገጠር ቤት ሳይ ነበር የማመሸው። ይህቺኛዋ በጓሮዋ ጥቂት መስመር ወይን፣ አንድ የበለስ ዛፍና ለብቻዋ የቆመች አንዲት ክፍል አላት። ገና ከበሩ ስገባ ቀልቤ አረፈ። ባለቤቴም በጆሮዬ «ዛሬውኑ ኦፈር እናድርግ፣ ዋጋችንን እንንገራቸው» አለኝ።

በለሱ ሥር ግን አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ ደላላዋ ዞር እንዲሉላት ብትለምናቸው እምቢ ብለዋት ነው። እናቴ ወጥ ቤቱን እንኳ ሳታይ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች፣ ድፎውን ቆረሰችላቸው፣ ከዚያ እኔን ጠራችኝ።

«ለምን እንደሚሸጡት ጠይቂልኝ።»

በእንግሊዝኛ ጠየቅኋቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ማደር እንደሚያስፈራቸው ነገሩኝ።

«ቤቱን ጠልተውት ነው?» አለች እናቴ፤ ተረጎምኩላቸው።

«ምኑን እጠላዋለሁ» አሉ።

«እንግዲያ አይሽጡት በያቸው። ፍርሃት በሰው ይለቃል እንጂ በሽያጭ አይለቅም። ያቺን ክፍል ሰው ያስገቡባት።»

ባለቤቴ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ወይኖቹ ዞረ።

«እማዬ፣ ይህንን እኔው ልተርጉመው?»

«ታዲያ ማን ሊተረጉመው ነው?»

ተናደድኩ። አጣምሜ ብናገር ማን ያውቅብኛል? እናቴ ግን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። የገዛ ቤቴን ከእጄ የሚያስወጣውን ነገር ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩት። ደላላዋ ፊቷ ተለዋወጠ።

አሮጊቷ የጎረሱትን ድፎ አላምጠው ዋጡ። ከዚያ እናቴን አዩና ወደ ክፍሏ በአገጫቸው እያመለከቱ «እርሷ ብትገባስ?» አሉኝ። ይህንንም መተርጎም የኔ ዕጣ ሆነ። እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት መሬቱን በጫማዋ ጫፍ ጫር ጫር አደረገች።

«ጎመን ያበቅላል ወይ በያቸው።»

ቤቱ ከገበያ ወጣ፤ እናቴም ክፍሏ ውስጥ ገባች። ቤት ልገዛ ሄጄ እናቴን ሰጥቼ መጣሁ እያልኩ ትንሽ ሰነበትኩ፤ አኩርፌም ነበር። አሁን ግን ኮል ባደረግሁ ቁጥር «ቆይተሽ ደውይ፣ ቲማቲም እየተከልን ነው» ትለኛለች። ሁለቱ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ አላውቅም፤ እኔን ግን ለትርጉም ጠርተውኝ አያውቁም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ በቀጥታ ተነስተን ሄድን። እናቴ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ለብሳ በሩን ከፈተችልን። ደስ አለኝ፤ ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን መጀመሪያ ያየችው እጆቻችንን ነበር።

«ሰው ቤት ባዶ እጃችሁን ነው የመጣችሁት?»