የሐቢባ ምላስ

ሚያዝያ ሃያ ስምንት ነበር፣ 2014። «የለም፣ ግንቦት ገብቶ ነበር፤ ዒዱ ካለፈ ሁለት ጁምዓ ሆኖት ነበር» ይላል አንዋር፣ ብቻውን ሲሆን ድምፁን አውጥቶ። ቀኑን ቢጠራጠርም ያን ዕለት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ርሆቦት ያለችውን አንድም ቃል አልረሳም።

ታላቅ እህቱ ሐቢባ የደም ግፊት መለኪያው ክንዷን ጨመቅ ሲያደርጋት ትስቅ ነበር። ርሆቦት ግን አንዋርን ወደ በሩ ጠርታ፣ «ኩላሊቷ ተጎድቷል። ጨው በምላሷ እንዳይዞር፤ ለመቅመስም ቢሆን» አለችው።

የሐቢባ እንጀራ ደግሞ መቅመስ ነበር። ከጣና ዳር ካለው የአንዋር ግቢ ወደ መተማ የሚጫነው ዓሣ ቋንጣ ሆኖ ከመሰጣቱ በፊት በጨው ውሃ ይነከራል፤ ጨው ካነሰው ይተላል፣ ከበዛበት ነጋዴው ይመልሰዋል። ልኩን የሚያውቀው የእሷ ምላስ ብቻ ነው። ከየበርሜሉ በጣቷ እየጠቀሰች ስትቀምስ ትውላለች።

አንዋር መንገድ ላይ፣ «ወጥሽ ላይ ጨው ቀንሺ አሉ» አላት። ሌላውን ዋጠው።

እሷም ጨው የሌለው ወጥ ስትበላ ሁለት ዓመት ኖረች። በርሜሉን ከምግብ የቆጠረው ግን አልነበረም። እግሯ ሲያብጥ፣ ፊቷ ሲነፋ የጎረቤት ሴቶች፣ «ወንድሟ ቀልቧት አማረባት» አሉ። አንዋርም፣ «እታለም፣ እግርሽ እንዲህ ካደገ ጫማሽን ታንኳ አድርጌ እቀዝፈዋለሁ» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ዘንድሮ ሐኪሙ ኩላሊቶቿ ሥራ ማቆማቸውን ነገራት። እጥበቱ በሳምንት ሦስት ቀን ነው።

«ለስንት ሳምንት?»

«በሕይወት እስካሉ ድረስ።»

ከዚያ ወዲያ ሐኪም ቤት አልተመለሰችም።

ወደ ደልጊ፣ ወደ እናታቸው ቤት የሚወስዳት ጀልባ ከመነሳቱ በፊት ግቢው ጎራ አለች። የአንዋር ልጅ ሐፍሳ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ ጣቷን ልትነክር ነበር። ሐቢባ ቀደመቻት፤ ጠቀሰችና ላሰች።

«አንድ እፍኝ ይጎድለዋል» አለች። ፊቷን ወደ ወንድሟ ሳታዞርም ቀጠለች፦ «ይህችን ልጅ ግን ከበርሜሉ አርቃት። ጨው በምላሷ እንዳይዞር፤ ለመቅመስም ቢሆን።»

ከአንዋር እጅ የጨው ቁናው ወደቀ። የነርሷ ቃል ነው፣ አንድም ሳይጎድል። ከማን ሰማችው? ከመቼ ጀምሮ?

እየሮጠ ተከትሏት ወደቡ ሲደርስ ጀልባው ገመዱን ፈትቶ ነበር። ሐቢባ ጀርባዋን ለከተማው ሰጥታ፣ ያበጡ እግሮቿን ዘርግታ ተቀምጣለች።