ወተት የማይደርሳት ሠራተኛ

የበደለኝ በሱዳን ዋና ከተማ፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ያለው የነዳጅ ማደያ ኃላፊ ነው፤ ጊዜውም ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመት። ስሙን አልጽፍም። ስሙ ቢጻፍለት ደስ ይለዋል፤ ደስታ ደግሞ ከእኔ አያገኝም።

ማደያውን ሱዳኖች ጡሉምባ ይሉታል፤ እኔ እዚያ ጠራጊ ነበርኩ። ወለሉን እጠርጋለሁ፣ የፈሰሰውን ቤንዚን በጨርቅ አደርቃለሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የስድስት ነዳጅ ቀጂዎችን ቱታ በእጄ አጥባለሁ። ቱታ ስል ዘይት ጠግቦ ብቻውን መቆም የሚችለውን ማለቴ ነው። ጓንት ብጠይቀው ኃላፊው፣ "ኻልቲ፣ በጓንት ልብስ ይጠራልሻል?" አለኝ። ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው። እኅቴ እሱን የመሰለ አልወለደችም።

እዚያ ቤት አንድ ደንብ ነበር። የነዳጅ መርዝ በወተት ይሻራል ይባላል፤ ሁሉም ያምናል፣ እኔም አምን ነበር። በየጧቱ ወተት ሻጩ በአህያው ሲመጣ፣ ኃላፊው ከወረቀት ላይ ስም እየጠራ ለቀጂዎቹ አንዳንድ ኩባያ ያድላል። ለእኔ የለም። "ወተት ፓምፕ ለሚነካ ነው" ይላል። ኩባያዎቹን የማጥበው ግን እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት ጣቶቼ ይደነዝዙ ጀመር። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ። ጧት ጧት አፌ ሚስማር ሲጠባ ያደረ ይመስላል። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ነጭ ጋዋን የለበሱ ሁለት ሴቶች ከዩኒቨርሲቲ መጡ። በማደያ ሠራተኞች ደም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት እንዳለ ሊመረምሩ ነው። ምልክቶቹን ሲዘረዝሩ እኔን የሚያሙ መሰለኝ፤ ጣቴንም አፌንም ጠሩት። መጥረጊያዬን ጥዬ ተሰለፍኩ። ከቀጂዎቹ አንዱ ያገሬ ሰው ነው፤ "እቴቴ፣ ሲያጠጡን የከረሙት ለካ ሊያልቡን ነው!" ብሎ አሳቀኝ።

ሴቶቹ የሠራተኞችን ስም ዝርዝር ጠየቁ። ኃላፊው ምን ቢሰጣቸው ጥሩ ነው? የወተቱን ወረቀት። እኔ የለሁበትም። ክንዴን ይዞ ከሰልፉ አወጣኝ። "ማአሌሽ ኻልቲ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ለሠራተኛ ነው። ያላ፣ ወደ ሥራሽ!" ደንበኞች ከመኪናቸው መስኮት ያያሉ። ያገሬ ሰው ጫማውን ያያል። እሱንም አልረሳሁለትም።

ሄድኩ፤ ወደ ሥራዬ ግን አይደለም። ከሚታጠበው ክምር በጣም የቆሸሸውን ቱታ መዝዤ በቀሚሴ ላይ ለበስኩና ተመልሼ ተሰለፍኩ። ደም የምትቀዳው ልጅ ሳቋ መጣ።

"ፓምፕ ላይ ነሽ እንዴ ኻልቲ?"

"አይደለሁም። ይሄን በባዶ እጅ የማጥበው ነኝ።"

ሳቋ ጠፋ። እጄን ገልብጣ አየችና "ነይ፣ ተቀመጪ" አለችኝ።

ኃላፊው እየሮጠ መጣ። "እሷ እኮ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም!"

"አሁን ገባች" አለችውና ጻፈችኝ። ውይ፣ ፊቱን ባያችሁት!

ውጤቱ ሲመጣ ከሰባታችን የእኔ በለጠ። ልጅቷ ወረቀቱን በእጄ ሰጥታ አስረዳችኝ፦ ወተት ይህን አያወጣም፣ ከቱታው ራቂ፣ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ኃላፊው የዚያኑ ቀን ቢሮው ጠራኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ሳበልኝ።

"ኻልቲ፣ ወረቀቱ እንዳይጠፋብሽ ፋይል ውስጥ ላኑርልሽ።"

"የእኔ ፋይል ደረቴ ውስጥ ነው" አልኩት።

"ከነገ ጀምሮ ወተት አለሽ እኮ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ተነሥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄጄ ሕክምና ጀመርኩ። ወደ ማደያው አልተመለስኩም። በሳምንቱ ዐማራት በሚባል ሌላ ሰፈር፣ አንድ ቢሮ ውስጥ በጠራጊነት ተቀጠርኩ።