ገመዱ ከተፈታ በኋላ

እህቴን በመጫኛ አስረው ከኮሶዬ በጭነት መኪና ያመጧት፣ እኔ ጎንደር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት በተቀጠርኩበት ክረምት ነው። ሕመሙ የጀመራት አራስ ቤት ሳለች፣ ልጇ ክርስትና ሳይነሳ ነበር። እንቅልፍ አጣች፣ እህል እምቢ አለች። ልጁንም «የኔ አይደለም፣ ለውጠውብኛል» እያለች ትሸሸው ጀመር። ጸበል ወሰዷት። አንድ ቀን ወደ ገደሉ ስትሮጥ ባሏ ደረሰባት፤ ከዚያ ወዲያ አስሮ ያውላት ጀመር።

ያን ጊዜ ሆስፒታላችን ለአእምሮ ሕመምተኛ የሚሆን ክፍል አልነበረውም። እንዲህ የታመመ ሰው ወይ ጸበል ነው፣ ወይ ቤቱ። ሐኪማችን ሽበታም ጀርመናዊ ነበር። እህቴን እንዳየ «ፍቷት» አለ፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ባሏ ገመዱን እንደጨበጠ «እታለም፣ አንቺ አላየሽም እንጂ ገደል ልትገባብኝ ነበር። ጠልቻት ያሰርኳት መሰለሽ?» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም በወጉ ከተኛ የሰነበተ ይመስላል።

ሐኪሙ ይህን ስነግረው ወንበር ስቦ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠ።

«በእኔም አገር እንዲሁ ነበር» አለ፣ እስክተረጉም እየጠበቀ። «አያቴ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ዘበኛ ነበር። ድሮ በሰንሰለት ያስሯቸው ነበር፤ ክፉ ሆነው ሳይሆን ሌላ መላ ስላላወቁ። በኋላ አንድ ሐኪም መጣና አስፈታቸው። አትክልት ኮተኮቱ፣ ልብስ አጠቡ። ሁሉም አልዳኑም፤ ብዙዎቹ ግን ቤታቸው ገቡ።»

ባሏ «እንግዲያው እኔ ደጃፉ ላይ እተኛለሁ» ብሎ ቋጠሮውን ራሱ ፈታው።

ዕቃ ቤት የነበረች ጠባብ ክፍል ጠርገን አስገባናት። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ ያስመጣው አዲስ መድኃኒት ነበር፤ እሱን እየዋጠች መተኛት ጀመረች። የነፍስ አባቷ ጸበል በቅል ይዘው ሲመጡ ሐኪሙ ይከለክላል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን «ይርጩላት፣ ብቻ መድኃኒቱን አታቋርጥ» አለ። አባም «ምነው፣ መድኃኒቱንስ የፈጠረ እግዚአብሔር አይደለም?» አሉ።

ረጋ ስትል ሥራ እንስጣት ተባለ። ምስር በሰፌድ አቀረብኩላት። መሬት ላይ ደፋችው። በማግስቱም ደፋችው። ሌላ ቀን ግን ጠጠሩን መልቀም ያዘች። ውሎ አድሮ የወጥ ቤቷ ሴትዮ እሷ ያልለቀመችውን ምስር አልሠራም እስከማለት ደረሰች።

አንድ ጠዋት ከሰፌዱ ቀና ብላ «ልጄን ማን ነው የሚያጠባው?» አለችኝ።

«ጎረቤታችሁ ናት፣ ከልጇ ጋር።»

«ሸጋ ሴት ናት። ክርስትናስ ተነሳ?»

«በአርባ ቀኑ ተነሳ።»

አለቀሰች። ከታመመች ወዲህ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ባሏ ልጁን አመጣው። ወዲያው አላቀፈችውም። የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ነካካች፣ ቆይታ ጭኗ ላይ አስተኛችው። ለመስቀል አገሯ ገባች።

ከዓመታት በኋላ ሕመሙ አንዴ ተመለሰባት። ያኔ ያቺ ክፍል መስኮት ወጥቶላት፣ አልጋ ተጨምሮላት፣ ከማክሰኝትና ከጭልጋ ሳይቀር ሰው ይመጣባት ነበር። እህቴ በራሷ እግር፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፤ ባሏ ስንቋን ይዞ ከኋላዋ።

«እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» አለችኝ፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ሳትሸማቀቅ። «ሳይብስብኝ ልታከም ብዬ ነው።»