ግፊ እና አይዞሽ

እውነቱን ልናገር፤ ያቺን ሴት አልወዳትም። ሃያ ሁለት ዓመት ማዋለጃ ክፍል የቆምኩት እኔ፣ እትብት የምቆርጠው እኔ፣ ደም ሲፈስ የማቆመው እኔ፤ ወላዶቹ ሲገላገሉ የሚጠመጠሙት ግን እሷ አንገት ላይ ነው። ስም እንኳ ሲያወጡልን እሷን «አይዞሽ»፣ እኔን «ግፊ» አሉን። «ወይኔ፣ ዛሬ ተረኛዋ ግፊ ናት» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አይዞሽ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ማንም እጇን ሳይዛት ወለደች አሉ። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናዋን ትታ ምጥ የያዛትን ሴት መደገፍ ሥራዬ ብላ ያዘች። መርፌ አትወጋ፣ ልጅ አትቀበል። በፌስታል ማበጠሪያ፣ ካልሲና ፎጣ ይዛ ትመጣለች፤ ወገብ ታሻለች፣ ላብ ትጠርጋለች፣ ቀልድ ታወራለች። አንዲት ተማሪ «ይቺ ሴትዮ ሥራዋ ምንድን ነው?» ብትለኝ፣ «አይዞሽ ማለት ነዋ! እሱንማ በቀቀንም ይለዋል» አልኳት። ተማሪዋ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ እሷ ያለችበት አልጋ ላይ ጩኸት እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ከዚያ የገዛ ልጄ መውለጃዋ ደረሰ። የራስን ዘመድ ማዋለድ በእኛ ዘንድ ክልክል ነው፤ አጠገቧ የሚሆን አንድ ሰው ግን ይፈቀዳል። እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊሆን ነው?

«እማዬ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች ልጄ። «አይዞሽ ትግባልኝ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ታዢኛለሽ።»

ዘጠኝ ወር በሆዴ የተሸከምኳት ልጅ ባዕድ መረጠችብኝ።

ምጥ በያዛት ቀን ጠዋት ሁለቱ ማዋለጃ ክፍል ገቡ። እኔ ስንቱን ቤተሰብ «እዚያ ጠብቁ» ያልኩበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ በበሩ በኩል የልጄን ሳቅ ሰማሁ። በምጥ መሃል ሳቅ! ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ከቀትር በኋላ አይዞሽ ብቅ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ስላልተቀመጠች ፊቷ ገርጥቷል።

«እህቴ፣ ሽንት ቤት ደርሼ እስክመጣ እጇን ያዢልኝ» አለችኝ።

ያዢልኝ! የገዛ ልጄን! ደሜ ፈላ፤ ቢሆንም ሮጬ ገባሁ።

ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና በጎኗ ተኝታለች። እጇን ያዝኩ። ምጡ መጣባትና ጣቶቼን ጨመቀቻቸው። የለመደ አፌ ያንን «ግፊ» የሚለውን ቃሉን እንዳያወጣው ፈርቼ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አይዞሽ» አልኳት በሹክሹክታ። ያቺ ሴት ስታደርግ እንዳየሁት ወገቧን በጡጫዬ ደገፍኩላት። ምጡ ሲያልፍ ትከሻዋ ረገበ።

«አይዞሽዬ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እማዬ ውጪ ናት? ተቀይማኛለች አይደል?»

እኔ ነኝ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እጇ ግን እጄ ውስጥ ለስልሶ ተኝቷል። በሃያ ስምንት ዓመት ዕድሜዋ እጇን እንዲህ አድርጋ ሰጥታኝ አታውቅም።

«አልተቀየመችም» ብዬ በሹክሹክታ ዋሸኋት፣ በዚያች ሴት ስም።