በቃል የተነበቡ ፊደሎች

የአውቶቡስ ሹፌሩ ዓይን የሚያስቀና ነበር፤ የዛሬ ሃያ ዓመት። ጓደኞቹ ዛሬም «ንስሩ» ይሉታል። አሁን ግን ንስሩ ከማዶ ያለው ሁሉ ዘመዱ እየመሰለው፣ እንዳይታማ ብሎ ለአላፊ አግዳሚው እጁን ያነሳል። አንድ ጊዜማ ለፖስታ ሳጥን ሰላምታ ሰጥቷል። ሰፈሩም «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው» ይለዋል።

መነጽር ያደረገ ሹፌር ጡረታው የደረሰ ሹፌር ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እንደ ልጆቹ ስም በቃሉ ይዟቸዋል፤ በየዓመቱ ምርመራ ላይ ያነበንባቸዋል፣ ያልፋል።

አንድ ቀን ሚስቱ ፌርማታ ላይ ቆማ እጇን ስታውለበልብ፣ ወደ እሷ እያየ ጥሏት ሄደ። ቤት ሲገባ አኩርፋ ጠበቀችው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር አላት። ባዶ መሆኑን ግን በዓይኗ በብረቱ አይታለች። «ኮራብኝ» ብላ ሦስት ቀን ዘጋችው፤ እሱም «አላየሁሽም» ከማለት ኩራተኛ መባልን መረጠ።

በአራተኛው ቀን ዝናብ እያካፋ ሳለ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሱ አዛውንት መንገድ ሲያቋርጡ ለእሱ የታየው አስፋልቱ ብቻ ነበር። ትኬት ቆራጯ ጮኸች። ፍሬኑን ረገጠ። አውቶቡሱ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሽማግሌው ሆን ብሎ ያሳለፋቸው መስሏቸው ኮፍያቸውን አንስተው አመሰገኑት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ጋሼ፣ አላዩአቸውም እንዴ?» አለች ትኬት ቆራጯ።

«አይቻለሁ። ንቁ መሆንሽን ልፈትሽ ብዬ ነው» አላት። ውሸቱ ለራሱም ከበደው።

በሳምንቱ የምርመራው ቀን ደረሰ። ነርሷ ሰሌዳው ላይ ጣቷን ሳታሳርፍ እሱ ቀድሞ አነበበላት። ፈርማ ወረቀቱን ሰጠችው። በሩ ጋ ሲደርስ ግን የሽማግሌው ምስጋና ትዝ አለውና እግሩ አልራመድ አለ። ሃያ ስምንት ዓመት ቁልቁለቱን ያለ ፍርሃት የነዳ ሰው ሦስት እርምጃ መመለስ እንደ ተራራ ከበደው። ያም ሆኖ ተመለሰ።

«እህቴ፣ በቃሌ ነው ያነበብኩት» አላት። «ከሁለተኛው መስመር በታች ምንም አይታየኝም።»

ነርሷ ቀና ብላ አየችው፤ ወረቀቱን ተቀብላ ቀደደችው።

አንድ ወር ከመሪ ታግዶ የጓደኞቹን ቀልድ ሲጠጣ ከረመ። ለሚስቱ እውነቱን ሲነግራት፣ የናቃት መስሏት ስትበግን መክረሟን እያስታወሰች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። መነጽሩንም ራሷ መረጠችለት፤ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መስታወት ያለው።

ሥራ በተመለሰ ዕለት፣ ስንት ዓመት በቆመበት ፌርማታ አግዳሚ ወንበር እንዳለ አየ። ከዚያ ወደ ትኬት ቆራጯ ዞሮ፣ ያን ቀን ሽማግሌውን ጨርሶ እንዳላያቸው፣ ያተረፈቻቸው እሷ እንደሆነች ነገራት።

«አውቄ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለችው። «ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ መንገዱን እያየሁ ከፊት በር ያልተነሳሁት ለምን መሰለዎት?»